ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ሜክሲኮ አካባቢ የምሠራበት ሕንፃ ውስጥ አምና የእሳት አደጋ ልምምድ ተደርጎ ነበር። ቀኑና ሰዓቱ ከሁለት ቀን በፊት በቴሌግራም ግሩፓችን ተነግሮናል። 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ደወሉ ሲጮህ ግማሹ ሰው ምሳ ዕቃውን እየከፈተ ነበር። አንዱ ባልደረባችን ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ያቺ ልምምድ መሆኗ ነው» አለ። ቁም ነገረኛ ነን ያልነው ጥቂቶች ሰባት ፎቅ በደረጃ ወረድን። የአደጋ ጊዜ መውጫው ጋ ስንደርስ በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ሰንሰለቱ ላይ መዳፍ የሚያክል ጓጉንቸር።

«አባባ፣ ቁልፉስ?» አልናቸው ጥበቃውን።

«ቁልፉ ጠቅላላ አገልግሎቱ ጋ ነው ልጄ።»

«እሱስ የት ነው?»

«ምሳ ወጥቷል።»

ሳቅንና በዋናው በር ዞረን ወጣን። ከሳምንት በኋላ ግሩፑ ላይ የተለጠፈው ሪፖርት «ልምምዱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል። ስለ ጓጉንቸሩ አንድ ቃል የለበትም። ያ ልምምድ ካገኘው ነገር ሁሉ የሚረባው ግን ጓጉንቸሩ ነበር።

ይቺን ያነሳሁት ስለ ኒውክሌር ማመንጫ አደጋ ልምምድ ልጽፍ ስለሆነ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ትንሽ ይርቃል፣ ይገባኛል። ግን ጉዳዩን ባነበብኩት ቁጥር ያቺ ሰንሰለት ትዝ ትለኛለች። የኒውክሌር ልምምድም ሲፈታ ያው ቁልፍ ፍለጋ ነው። በሮቹ ግን ይበዛሉ።

«እኛ ጋ የሌለ ነገር ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ነገሩ እየቀረበ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀጥለው ከሚመጡት ትልልቅ ሥራዎች መካከል ኒውክሌርን አንስተዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢትዮጵያና የሩሲያው መንግሥታዊ የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም ሞስኮ ላይ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራረሙ። ከፊርማ እስከ መብራት መንገዱ ረጅም ነው። ቪየና ያለው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ለጀማሪ አገር ከ10 እስከ 15 ዓመት ያስባል። አሟሉ ብሎ ከሚዘረዝራቸው 19 ጉዳዮች አንዱ ደግሞ የአደጋ ጊዜ ዝግጅት ነው። ኢትዮጵያ የኤጀንሲው አባል የሆነችው በተቋቋመበት ዓመት፣ በ1957 እንደ ፈረንጆቹ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው። የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

መጀመሪያ ማሽኑን እንየው። ሪአክተር ዩራኒየም እየተሰነጠቀ ውሃ የሚያሞቅበት ትልቅ ድስት ነው። ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፣ መብራት ይመጣል። ችግር ሲፈጠር ሪአክተሩን ማጥፋት ብዙ አይከብድም። መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ይገቡና በሰከንዶች ውስጥ ይቆማል። ጣጣው ከጠፋ በኋላ ያለው ነው።

እናቴ እንጀራ ስትጋግር ሊጡ ሊያልቅ ሲል ምጣዱን ከሶኬት ትነቅላለች። የመጨረሻዋ እንጀራ በቀረው ሙቀት ትበስላለች፣ ቆጣሪውም ይተርፋል። ሪአክተርም ከተነቀለ በኋላ ይጋግራል። ምጣዱ ግን አዲስ ሙቀት አይፈጥርም፤ ዝም ብሎ ይቀዘቅዛል። ሪአክተሩ ውስጥ ያሉት ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገሮች ግን ከጠፋም በኋላ ሙቀት ማመንጨታቸውን አይተዉም። ልክ በጠፋበት ቅጽበት ከሙሉ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 በመቶ ያህሉ እንዳለ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? 1,000 ሜጋ ዋት መብራት የሚሰጥ ሪአክተር ውስጡ የሚፈጥረው ሙቀት 3,000 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። የዚያ 6 በመቶ 180 ሜጋ ዋት ይሆናል። ግልገል ጊቤ አንድ በሙሉ አቅሙ የሚያመነጨው 184 ሜጋ ዋት ነው። «ጠፍቷል» የተባለ ማሽን ሆድ ውስጥ አንድ ግልገል ጊቤ ተቀምጧል ማለት ነው። በማግስቱ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል። ያም ሆኖ ውሃ ሳይቋረጥ ይፈልጋል። ውሃው ከቀረ ነዳጁ ይቀልጣል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ደስ የሚልም የማይልም ነው። ብዙውን ጊዜ የኒውክሌር አደጋ የሰዓታትና የቀናት ጉዳይ ነው። ሰው የሚሠራበት ጊዜ አለው። ሰው ያንን ጊዜ እንዴት ይጠቀምበታል የሚለው ነው ልምምድ የሚያስፈልገው።

ይህን ትምህርት ቀድማ የከፈለችበት አሜሪካ ናት። ማርች 28 ቀን 1979፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ የሚባል ማመንጫ ላይ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። መዘጋት ነበረበት። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት ግን «ተዘግቷል» ብሎ ያሳይ ነበር። መብራቱ የሚያሳየው ቫልቩ መዘጋቱን ሳይሆን «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መላኩን ነበራ! ቢሮ የሠራ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ «ደብዳቤው ወጥቷል» ማለት «ደብዳቤው ደርሷል» ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ የማስጠንቀቂያ ደወሎች አንድ ላይ ጮኹ። ሠራተኞቹ ውሃው በዝቷል ብለው የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ቀነሱት። ውሃው ግን እያለቀ ነበር። ግማሽ ያህሉ ነዳጅ ቀለጠ።

ከአጥሩ ውጭ የነበረው ግርግር ከውስጡ አይተናነስም። በሦስተኛው ቀን አገረ ገዢው በ8 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ትምህርት ያልጀመሩ ልጆች ቢወጡ ይሻላል አሉ። ይህ ጥቂት ሺህ ሰው ነው። ቤቱን ጥሎ የወጣው ግን 140 ሺህ ገደማ ሆነ። ወደ ውጭ የወጣው ጨረራ ትንሽ ነበር። መንገድ የሞላው ሰው ግን ማንን እንደሚያምን አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተቀየረ። የአካባቢው ነዋሪ በአደጋ ጊዜ ምን እንደሚሆን በዕቅድ ያላሳየ ማመንጫ ፈቃድ አያገኝም። በየሁለት ዓመቱም ከአጥሩ ውጭ ያሉትን መሥሪያ ቤቶች ጨምሮ በገምጋሚ ፊት ሙሉ ልምምድ ያደርጋል።

ልምምዱ ቀረብ ብለው ሲያዩት ትንሽ ቲያትር ይመስላል። ታሪኩን ጥቂት ሰዎች ወራት ወስደው በምስጢር ይጽፉታል። በዕለቱ ተቆጣጣሪዎች የተለየ ሰደርያ ለብሰው ከተለማማጮቹ አጠገብ ይቆማሉ። በየመሀሉ ብጣሽ ወረቀት ያቀብላሉ። «ሁለተኛው ጄኔሬተር አልነሳም።» ትንሽ ቆይቶ ሌላ፦ «ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ዞሯል።» ጨረራ ሊለካ መሣሪያ ይዞ የተላከው ልጅ መሣሪያው ላይ የሚያየው ምንም ነገር የለም፤ በእውነት ጨረራ የለማ። ቁጥሩን የያዘው ተቆጣጣሪው ነው። ልጁ መሣሪያውን እንደሚገባ ካበራ፣ ባትሪውን ካየ፣ በትክክለኛው ከፍታ ከያዘ ቁጥሩ ይነገረዋል። ካልሆነ የለም። በሬዲዮም ሆነ በስልክ የሚተላለፍ መልእክት ሁሉ «ይህ ልምምድ ነው» ብሎ ይከፈታል፣ «ይህ ልምምድ ነው» ብሎ ይዘጋል። ይቺ ዓረፍተ ነገር ከተረሳች የሰፈሩ ሰው ሻንጣ ይዞ መንገድ ላይ ነው።

ገምጋሚዎቹ አይናገሩም፣ ይጽፋሉ። ከሚጽፉት ውስጥ ዋናው ደቂቃ ነው። በአሜሪካ አሠራር ምልክቱ ከታየ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ የአደጋው ደረጃ መወሰን አለበት። ደረጃዎቹ አራት ናቸው፤ ዝቅተኛው «ያልተለመደ ነገር አለ» የሚል ሲሆን አራተኛው ጨረራ ከግቢው ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ደረጃው በተወሰነ በሌላ 15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ለአካባቢው አስተዳደር መነገር አለበት። እዚህ ላይ «አለቃ ስብሰባ ላይ ናቸው» አይሠራም። እንዲያውም ጥሩ ታሪክ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚያደርገው አለቃውን ማንሳት ነው። «አንተ መንገድ ተዘግቶብሃል፣ አትደርስም» ይባልና ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ ሁለተኛው ሰው ምን ያህል እንደሚያውቅ ይታያል። በእኔ እምነት ከልምምድ ሁሉ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው፤ አብዛኛው መሥሪያ ቤት ቢሞክረው የሚያየውን አይወደውም።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ስሪ ማይል አይላንድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር ቼርኖቤል የሚባለው ማመንጫ የፈነዳው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1986። ለዚህ ነው ልምምዱ አንዳንዴ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ሳይነገር የሚደረገው። በምሳ ሰዓት፣ ከሁለት ቀን በፊት ተነግሮ ሲሆን ሁሉም ጎበዝ ነው።

ቼርኖቤልን ካነሳን አይቀር። ከማመንጫው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው የፕሪፕያት ከተማ ወደ 49 ሺህ ሰው ነበራት። ይህን ቁጥር በዓይኔ ለማየት የተጠቀምኩት ታላቁ ሩጫን ነው። ኅዳር ላይ መስቀል አደባባይን በቲሸርት የሚሸፍነው ሕዝብ በቅርብ ዓመታት እዚያው አካባቢ ነው። ያንን ሁሉ ሰው ከሩጫው መሀል «ወደ ቤት የለም፣ አውቶቡስ ግቡ» በሉት። ፕሪፕያት ላይ ከ1,000 በላይ አውቶቡስ መጥቶ ከተማዋ በአንድ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆነች። አወጣጡ ፈጣን ነበር፤ ለመጀመር የፈጀው ግን 36 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ መሀል ቅዳሜ ነበርና ልጆች ውጭ ይጫወቱ ነበር። ሲወጡም የተነገራቸው ለሦስት ቀን እንደሆነ ነው። ዓሣ የሚመግበው፣ ድመት የሚጠብቀው ያለ ሰው ለሦስት ቀን ብሎ ወጣ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ስለ ርቀት አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ሰው ወጥቶ ይሮጣል ማለት አይደለም። ኤጀንሲው ለትልልቅ ሪአክተሮች ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ያለውን ክበብ «ጨረራው ሳይወጣ ሰው ይውጣ» የሚባልበት አድርጎ ያየዋል። ከ15 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያለው ደግሞ እየተለካ የሚወሰንበት ነው። ክበቡን እንዲሁ ለማየት ያህል መስቀል አደባባይ ላይ ብናስቀምጠው (እዚያ የሚሠራ የለም፣ አትደንግጡ) 5 ኪሎ ሜትሩ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ሜክሲኮንና ካዛንቺስን ይውጣል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለው ኩበርግ፣ በአሁኑ ሰዓት በአፍሪካ መብራት የሚሰጠው ብቸኛው የኒውክሌር ማመንጫ፣ ከኬፕታውን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እዚያ በ16 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች የግድግዳ ካላንደር ይታደላል። ሳይረኑ ሲጮህ ምን እንደሚደረግ እዚያው ላይ ተጽፏል። ይሄን ሐሳብ በጣም ወድጄዋለሁ። ብሮሹር ሞልቶ ነው የሚጣለው፤ ካላንደር ግን ዓመቱን ሙሉ ከቡና ረከቦቱ በላይ ተሰቅሎ ይውላል።

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ቤት ግቡ፣ መስኮት ዝጉ» ነው። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ የተሻለ ይከላከላል። የብሎኬት ቤትና በቆርቆሮ የተሠራ ቤት እዚህ ላይ እኩል አይደሉም። ውጭ የነበረ ሰው የላይ ልብሱን በር ላይ ሲያወልቅ ላዩ ላይ ካረፈው አቧራ አብዛኛው አብሮ ይወልቃል። ቀሪው በሳሙናና በውሃ ነው። ውሃው በፈረቃ ካልሆነ።

ክኒኑ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ብዙ የተዛባ ወሬ አለበት። ፖታሲየም አዮዳይድ ይባላል። የጨረራ ማርከሻ አይደለም። የሚጠብቀው አንዲት ዕጢ ብቻ ነው፤ አንገት ላይ ያለችውን፣ እንቅርት የምታወጣውን። ይቺ ዕጢ አዮዲን ትወዳለች፤ ጨረራ ያለውን ከጤነኛው ግን አትለይም። ቀድማ በጤነኛው ከጠገበች ሌላው ሲመጣ ሞልታ የምታልፍ ታክሲ ትሆንበታለች፣ አትቆምለትም። ስለዚህ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው፤ ጨረራው ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ወይም በደረሰ በሰዓታት ውስጥ። በማግስቱ ቢውጡት ዋጋ የለውም። የአዋቂ አንድ ክኒን ለአንድ ቀን ከሚያስፈልገን አዮዲን ከ600 እጥፍ በላይ ይይዛል፣ አዮዲን ያለው ጨው በመላስ አይደረስበትም። ይሁን እንጂ ጨውም የራሱ ሚና አለው። አዮዲን የራባት ዕጢ ጨረራ ያለውንም በጉጉት ትስበዋለች። ቼርኖቤል ዙሪያ የነበሩ ልጆች የተጎዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንቅርት በየገበያው በሚታይበት አገር ይህ ተራ ነገር አይደለም።

እነዚያን ልጆች በዋናነት የጎዳቸው ወተት ነበር። ዝናቡ ሣር ላይ ወረደ፣ ላም ጋጠችው፣ ልጁ ጠጣው። የዚያን ጊዜዋ ሶቪየት ኅብረት ጎረቤት ፖላንድ በቀናት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ልጆች አዮዲን አጠጣች። ስለዚህ አንዳንድ ሙሉ ልምምዶች ላይ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለ ወተት፣ ሣርና ጎመን ናሙና የሚሰበስብ ቡድን ይወጣል። የአዲስ አበባን ወተት ሱሉልታ፣ ጤፏን አድአ ላይ አስቡትና የዚያን ቡድን ሥራ ገምቱ። ቁርሳችንን ማን ይመረምራል የሚለው ከሪአክተሩ ጋር እኩል ይለመዳል።

አሁን ወደ ጃፓን። ጃፓኖች ልምምድ የማያውቁ አይደሉም፣ እንዲያውም ዓለምን የሚያስተምሩ ናቸው። ግን ማርች 11 ቀን 2011 የፉኩሺማ ማመንጫ በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ሲመታ ሆኖ የተገኘው ይህ ነው። ለአደጋ ጊዜ ተብሎ የተሠራው የማስተባበሪያ ማዕከል ከማመንጫው 5 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር። በመሬት መንቀጥቀጡ መብራቱም ስልኩም ጠፋ። ጨረራ የሚያጣራ የአየር ማጣሪያ አልነበረውም። የጨረራ አደጋ ማዕከል ከጨረራ ሸሽቶ ወደ ፉኩሺማ ከተማ ተዛወረ! ልምምዶቹ ላይ መብራት ጠፍቶ አያውቅም ነበር ማለት ነው። ነዋሪው መጀመሪያ 3 ኪሎ ሜትር ተባለ፣ ሲነጋ 10፣ ሲመሽ 20። አንዳንዱ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ተፈናቀለ። ነፋሱ ጨረራውን ወዴት እንደሚወስድ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሥርዓት መንግሥት እጅ ነበረ። ስሌቱ ግን ለሕዝቡ በጊዜው አልደረሰም። የናሚዬ ከተማ ሰዎች ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሸሹ።

ከሁሉ የከበደኝ የሆስፒታሉ ነገር ነው። ከማመንጫው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያን ነበሩ። አውቶቡስ መጣ። አልጋ ላይ ያለ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያለ ነርስ፣ ያለ ግሉኮስ፣ ሰዓታት ተጓዙ። ከ40 በላይ የሚሆኑት በመንገድና በቀጣዮቹ ቀናት ሞቱ። የገደላቸው ጨረራ አይደለም፣ ጉዞው ነው። በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ከመፈናቀሉ ጋር በተያያዘ እንደሞቱ የተመዘገቡት ከ2,300 ይበልጣሉ። ዛሬ ጃፓን ውስጥ ልምምድ ሲደረግ በአልጋና በዊልቸር ሰው ማጓጓዝ አብሮ የሚለመደው ለዚህ ነው። አንዳንዴ በወፍራም ግድግዳ ውስጥ መቆየት ከመሄድ ይሻላል የሚለውም ከዚያ የመጣ ነው።

ለሚዛን ያህል አንድ ሌላ ነገር ከዚያው ቦታ። በ2007 ሌላ የጃፓን ማመንጫ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ የቀውስ ክፍሉ በር ተጣሞ አልከፈት አለ። የጓጉንቸር ዘመድ ነው። ይህን ያየው ኩባንያ ፉኩሺማ ላይ መንቀጥቀጥ የሚቋቋም ልዩ ሕንፃ ሠራ። ሥራ የጀመረው በ2010 ነው። ከስምንት ወር ገደማ በኋላ ያ ቀን መጣ። ማመንጫው ውስጥ የቀሩት ሰዎች አደጋውን የታገሉት ከዚያ ሕንፃ ሆነው ነው። አንድ ያልተከፈተ በር ሪፖርት ውስጥ በመጻፉ።

ወደ መንገድ ልመለስ። ኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ ሾርሃም የሚባል ማመንጫ ነበር። ተሠርቶ አለቀ። ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ፈጀ። ደሴቲቱ ጠባብ ናት፣ መውጫዋ በአንድ በኩል ነው። የአካባቢው አስተዳደር አጠናና «ይህን ሕዝብ በሰላም ማስወጣት አይቻልም» ብሎ በ1983 ዕቅዱን አልቀበልም አለ። ኩባንያው በራሱ ሰዎች ልምምድ ሠርቶ አሳየ። ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ እጅግ ቀላል ነበር፤ አውቶቡስ ነጂው ሳይረን ሲሰማ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አውቶቡሱ ነው ወይስ ወደ ልጆቹ? ማመንጫው ለገበያ አንድ ቀን መብራት ሳይሸጥ ተዘጋ። ይሄንን ጥያቄ ለአንድ የሜክሲኮ–ፒያሳ ታክሲ ሾፌር አቅርቤለት ነበር። «ልጆቼን እጭንና እመለሳለሁ» አለኝ። ረዳቱ ከኋላ «አትመኑት፣ አይመለስም» አለ። ጥሩ ዕቅድ አውጪ የሁለቱንም መልስ ይጽፋል። ሾፌሩ ቤተሰቡ ደህና ቦታ መድረሱን ቀድሞ ካወቀ ይመጣል፤ ስለዚህ የሾፌሩ ቤተሰብ ዕቅዱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ይህን ሁሉ እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም። ጨረራ እዚሁ አለ፣ ለበጎ ሥራ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሕሙማንን ያከመው በኮባልት ጨረራ ነው። ቃሊቲ ደግሞ የቆላ ዝንብ ወንዶችን በጨረራ አምክኖ የሚለቅ ማዕከል አለ። መንገድ ሥራ ላይ የአፈሩን ጥቅጥቅነት የሚለኩ መሣሪያዎችም ጨረራ አመንጪ ነገር አላቸው። በአግባቡ ሲያዙ ችግር የለባቸውም። ሳይያዙ ሲቀሩ የሚሆነውን ግን ጎያኒያ የምትባል የብራዚል ከተማ በ1987 አይታለች። ከተዘጋ የካንሰር ክሊኒክ ውስጥ ሁለት ሰዎች የሕክምና ማሽን ዕቃ አወጡና ለብረታ ብረት ሻጭ ሸጡት። ውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ የሲዚየም ዱቄት ነበር። አምሮባቸው ለዘመድ አዝማድ አከፋፈሉት። ነገሩን የጠረጠረችው የሻጩ ሚስት ናት፤ ዕቃውን በከረጢት አድርጋ፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ፣ ጤና ቢሮ ወሰደችው። እሷን፣ አንዲት የስድስት ዓመት ሕፃንንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ 112 ሺህ ሰው ለምርመራ ስታዲየም ተሰለፈ። የተበከለው 249 ነበር። ቀሪው ፈርቶ የመጣ ነው።

ይህ በቀጥታ የእኛ ታሪክ ሊሆን የሚችል ነው። ቢሮዬ ውስጥ ለሦስት ጓደኞቼ በምሳ ሰዓት የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ አድርጌ አቀረብኩላቸው። ይህ ዓይነቱ ወጪ የለውም፤ ወረቀትና ሰዓት ብቻ። ታሪኩ ፈጠራ ነው። «ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት። አንድ ቆራሌ ከባድ የእርሳስ ዕቃ ይዞ ምናለሽ ተራ ገባ። ላዩ ላይ ቢጫና ጥቁር ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት አለ። ባለሱቁ በመዶሻ መታው። ማን ጋ ይደውላል?»

አንዷ «939» አለች፣ እሳት አደጋ። ጥሩ። «የመጡት ልጆች ጨረራ መለኪያ ይዘዋል?» ዝም። «ማክሰኞ። ባለሱቁና ሚስቱ እያስታወካቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሐኪሙ ምን ይላል?» ሦስቱም በአንድ አፍ «ታይፎይድ» አሉ። ጎያኒያም መጀመሪያ እንዲሁ ሌላ በሽታ ነው ተብሎ ነበር። «ረቡዕ። ቲክቶክ ላይ መርካቶ ኒውክሌር ፈነዳ የሚል ቪዲዮ ወጣ። አዲስ አበባ ስታዲየም በር ላይ 20 ሺህ ሰው አለ። ማን ያናግረዋል? በምን ቋንቋ? በማን ድምፅ?» ሽሮው ቀዘቀዘ። ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የማናውቃቸውን አሥራ አንድ ነገሮች ጻፍን። ልምምድ ማለት ይሄው ነው፤ ዝርዝሩን ይዞ መልሱን ለሚያውቀው ሰው መውሰድ።

በእኛ አቆጣጠር 2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ያ የፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ሌሊት የቀሰቀሰ ጊዜ፣ ከአራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየማችን ጋቢ ተከናንበን ወረድን። መቶ የምንሆን ሰዎች የተሰበሰብነው የት መሰላችሁ? ትራንስፎርመሩ ሥር። ብርሃን ስላለ። እዚያ ቆመን ስለ ሕንፃው ጥራት ስንከራከር አንዲት እትዬ «ኧረ ልጆች ይሄ ነገር ራሳችን ላይ ቢወድቅስ?» ብለው ወደ ላይ አሳዩ። ሁላችንም ቀና አልን፣ ከዚያ በዝምታ ወደ ኳስ ሜዳው ተንቀሳቀስን። የሰፈራችን የመጀመሪያው ልምምድ ያ ነው ብዬ እቆጥረዋለሁ። ገምጋሚዋ እሳቸው።

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ስወርድ የአደጋ ጊዜ መውጫውን ዞር ብዬ አየሁት። ሰንሰለቱ የለም። ቁልፉ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«አባባ፣ ተስተካከለ እኮ!» አልኳቸው።

«አዎ፣ አሁን እኔው ነኝ የምይዘው። ስገባ እሰቅለዋለሁ፣ ስወጣ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ማታስ?»

«ማታ ሌላ ሰው ነው የሚገባው ልጄ።»